ካኪ የለበሱት መጻሕፍት

ወይዘሮ ወለተማርያም የዱቄት ሙጫውን በጣታቸው እያለሰለሱ አንድ መጽሐፍ ያለብሳሉ። ካኪ ወረቀቱን በልኩ ቆርጠው፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፈው፣ በመዳፋቸው ደጋግመው ሲዳብሱት አራስ ልጅ የሚጠቀልሉ ይመስላሉ። ትምህርት ቤቱ ከሲግናል ሰፈር በላይ፣ ጋራው ሥር ነው። እዚያ አሥራ ሦስት ዓመት በጽዳት፣ ስድስት ዓመት ደግሞ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ይዘው አገልግለዋል። የተማሩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው።

አባታቸው እንጦጦ ላይ ቄስ ነበሩ። ዳዊታቸውን ከቆዳ ማኅደሩ የሚያወጡት ለጸሎት ብቻ ነበር፤ «መጽሐፍ እርቃኑን አያድርም» ይሉ ነበር። ወይዘሮ ወለተማርያምም ቁልፉን በተረከቡ ጊዜ ስምንት መቶውን መጽሐፍ አንድ በአንድ ካኪ አልብሰው፣ በየጀርባው ቁጥር ጻፉበት።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ አቶ ይድነቃቸው ገብተው የውሰት መዝገቡን ጠየቁ። ከመስከረም ወዲህ የሰፈረው ሦስት ስም ነው፤ ሦስቱም መምህራን። አቶ ይድነቃቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የነገሯቸው። እስከ አርብ ተማሪ ካልመጣ ክፍሉ የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ይሆናል። መጻሕፍቱም በማዳበሪያ ታስረው ምድር ቤት ይወርዳሉ።

ሙጫው በወይዘሮ ወለተማርያም ጣት ላይ ደረቀ። ሥራዬ መጻሕፍቱን መጠበቅ ነው ብለው ነበር፤ የተማሪው መጥፋት በእሳቸው በኩል ይመጣል ብለው አልመው አያውቁም። ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆይተው፣ ልጆቹ የሸሹት የመጻሕፍቱ ልብስ ስላረጀ ነው ብለው ደመደሙ። ላምበረት ሰፈር ወረቀት ለሚሸጠው ለሂርጳ ደወሉና አንድ ጥቅል ካኪ እንዲያስቀምጥላቸው ለመኑት። አሁኑኑ ከበሩ ጀርባ አቆመዋለሁ፣ እርስዎ ብቻ ይምጡ አላቸው።

ማክሰኞ ከሰዓት የሚያዝያ ዝናብ ድንገት ወረደ። ኢፍቱ የምትባል፣ ከጋራው ላይ በእግሯ የምትመላለስ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ሮጣ ገባች። እስኪያባራ መደርደሪያውን ስታይ ቆየች።

«እማማ፣ ይሄ ሁሉ የማን ፋይል ነው?»

«የምን ፋይል ልጄ? መጻሕፍት ናቸው እንጂ።»

«ሁሉም?» ልጅቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እኛ እኮ ይሄን ክፍል እስር ቤቱ ነው የምንለው። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተደርድረዋላ።»

ወይዘሮ ወለተማርያም ወንበር ስበው ተቀመጡ። እሳቸው አብዛኞቹን በምሳ ሰዓት አንብበዋቸዋል። እናት ልጆቿን በጨለማ እንደምትለይ በውፍረታቸውና በሽታቸው ይለዩዋቸዋል። ሌላው ሰው አይለያቸውም ብለው ግን አንድ ቀን አላሰቡም። ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቁ መስሏቸው ደብቀዋቸው ኖረዋል።

ኢፍቱ አንዱን መዝዛ ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሳይገልጡት በእጃቸው መዘኑት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። አንዲት ሴት የጠፋች በቅሎዋን ፍለጋ ወጣች። ሦስት ቀን ሄዳ፣ በመሸባት ደጃፍ ላይ በቅሎዋን ታስራ አገኘቻት። በሩን የከፈተላት አምና የቀበረችው ባሏ ነው።

ጫማው ከኢፍቱ እጅ ወደቀ። «ከዚያስ?»

ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። «እሱን ውስጡ ታገኚዋለሽ» አሏት።

ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ልጅቷ ግን ልብ አላለችም። መዝገቡ ላይ አራተኛ ስም ሆና ሄደች።

በማግስቱ አራት ጓደኞቿን አስከትላ መጣችና እንዲነግሯቸው ወተወተቻቸው። እሳቸው ሰው ፊት መናገር ሞታቸው ነው፤ ጽሕፈታቸውም ያሳፍራቸዋል። ስለዚህ በጆሮዋ ሹክ ይሏታል፣ ኢፍቱ ደግሞ በወፍራም እስክሪብቶ ካኪው ላይ ትጽፋለች፤ ከላይ የመጽሐፉን ስም፣ ከሥሩ ትንፋሽ የሚያስይዘውን አንድ መስመር። «ከጅብ ጋር አንድ ጉድጓድ ያደረው ፖስተኛ ጠዋት ማንን ይዞ ወጣ?» «ጨረቃ ባትኖር ባሕሩ ምን ይሆን ነበር?» ያልገባቸው መጽሐፍ ላይ ደግሞ ሳይደብቁ «ይሄን አላወቅሁትም፤ የገባው ይንገረኝ» አስጻፏት። ልጆቹ ቀድመው የተሻሙት ይህንኑ ነበር።

አርብ አቶ ይድነቃቸው ለወንበሮቹ ቦታ ሊለኩ ሜትር ይዘው መጡና ደፉ ላይ ቆመው ቀሩ። መቀመጫ ሞልቶ ወለል ላይ የተቀመጡ አሉ። አንዱ ጓደኛውን «አንተ ከቲክቶክ ሌላ ፊደል ታውቃለህ እንዴ?» ይለዋል፤ ያኛው ቀና ሳይል በክርኑ ይጎስመዋል። አቶ ይድነቃቸው ኢፍቱ የመለሰችውን መጽሐፍ ከጠረጴዛው አንስተው ሽፋኑን አነበቡ፦ «አምና የቀበረችው ባሏ በሩን ሲከፍትላት ምን አለችው?»

«ባልየው ሞቶ አልነበረም እንዴ?»

«ተመዝግበው ይውሰዱት» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም፤ ወዲያው በገዛ ቃላቸው ደንግጠው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

አቶ ይድነቃቸው ሜትሩን ኪሳቸው ከተቱ፤ ጎንበስ ብለውም ከተማሪዎቹ ስም ሥር ስማቸውን ጻፉ።

ቅዳሜ ሂርጳ ደውሎ ጥቅሉ እንደቆመ መሆኑን ነገራቸው። ወይዘሮ ወለተማርያም እመጣለሁ አሉት። ይኸው ሰኔ ገባ፤ ካኪው ላምበረት፣ ከሱቁ በር ጀርባ፣ እንደተጠቀለለ ቆሟል።