ጤፍ በተመን

በደርግ ጊዜ ንፋስ መውጫ አስተምር ነበር። ቀበሌው ደግሞ የገበያ ዋጋ ተቆጣጣሪ አደረገኝ፤ ከመንግሥት ተመን በላይ የተሸጠ እህል እወርሳለሁ። በዚያ ተመን ጤፍ አይገኝም የሚለኝን ሁሉ፣ "ታዲያ ባለቤቴ ከየት ታመጣለች?" ብዬ አፉን አስይዘዋለሁ። ቤቴ ሁሉ ነገር ሙሉ ነው። ቅር የሚለኝ ዶሮዎቻችን እንቁላል መጣል ማቆማቸው ብቻ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት ባልቴት ጤፍ የሞላ ጆንያ አጠገባቸው አቁመው፣ ገለባ የሞላ ቅርጫት ታቅፈው አየኋቸው። ገለባውን ገለጥ ባደርገው እንቁላል ነው።

"እናቴ፣ ጤፉን በስንት ነው የሚሸጡት?"

"በተመኑ ነዋ፣ ልጄ።"

"እንቁላሉስ?"

ገለባውን መልሰው ሸፈኑበት። ተቆጣጣሪ መሆኔን ነግሬያቸው ጆንያውን ላነሳ ጎንበስ ስል እጄን ያዙኝ።

"ተው ልጄ፣ ይሄ የሰው ነው። ገዝታው አደራ ብላኝ ሄዳለች። ብሩን በተመን ሰጠችኝ፣ የጎደለውን በእንቁላል ሞላችልኝ። በየገበያው እንዲህ ነን።"

"ማናት እሷ?"

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"እንዳንተ ያለ ተቆጣጣሪ ሚስት ናት፤ ባሏ መምህር ነው አሉ። አደራህን እንዳትነግረው፤ ዶሮዎቹ መጣል ያቆሙ ነው የሚመስለው።"