ያላለቁት የየኔታ ፊደሎች

የኔታ ወልደ ሰንበት ማረፋቸውን ሞጣ ላይ የሰማሁት ከተቀበሩ በአምስተኛው ቀን ነው። ከቢቸና የመጣ አንድ የእህል ነጋዴ ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፣ «የኔታ እኮ አረፉ፤ አልሰማህም?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ የምጽፈው ከቀብራቸው የቀረሁት ደቀ መዝሙራቸው ነኝ።

የኔታ መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ቢቸና ካለው ጎጇቸው ደጃፍ ብራናቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲጽፉ ሰላምታ እንኳ የሚመልሱት የያዙት መስመር ሲያልቅ ነበር። «የፊደል ውበቱ ባዶው ላይ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ተመልከት» ይሉኝ ነበር። አንዲት ባልቴት የሟች ባሏን ዳዊት እንዲጠርዙላት ብታመጣ፣ አይጥ የበላቸውን ቅጠሎች ሁሉ አዲስ ጽፈው መለሱላት። ስታመሰግናቸው፣ «ጠረዝሁት እንጂ ምን አደረግሁ?» አሏት።

እኔ ብዕሩን ትቼ የመንግሥት ጸሐፊ ሆንሁ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ለመጽሐፍ ርእስ የሚሆን፣ የቁም ጸሐፊ እጅ ያለበት ጌጠኛ ፊደል በብረት ሊያስቀርጽ መፈለጉን ስሰማ ግን የኔታን ለመንኋቸው። ክረምቱን ሙሉ ጻፉ፤ ከሀ እስከ ፐ፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ጡጫ የሚያክል። ለማተሚያ ቤቱ ላክነው።

መልስ መጣ። ፊደሎቹ ድንቅ ናቸው፤ ነገር ግን ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ የሉም፤ ፊደል ለቃሚዎቹ የቢቸናን ስም እንኳ መልቀም አልቻሉም ይላል። የኔታ ዕድሜያቸውን ሁሉ የገለበጡት እነዚህ ፊደሎች የሌሉበትን የግዕዝ መጽሐፍ ነው፤ እጃቸው የግዕዙ ፊደል ሲያልቅ ቆመ። ስንገናኝ በአማርኛ ስናወራ የምንውል ሁለት ሰዎች አላስተዋልነውም።

ደብዳቤውን ይዤ ቢቸና የሄድሁት ሥራ በዛብኝ እያልሁ ከወራት በኋላ ነው። ሳነብላቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አሳዩኝ፤ ይንቀጠቀጣል።

«አንተ ጻፈው» አሉኝ። «እኔ አጠገብህ ሆኜ አያለሁ። ጥቂት ቀን ሰንብት።»

«የእርስዎን እጅ ማን ይተካል? ይረፉ፤ ይሻልዎታል» አልሁና በማግሥቱ ጭነት መኪና ላይ ተሳፈርሁ። አክብሮት መስሎኝ ነበር። እስከ መንገዱ ሸኙኝ።

«መቼ ትመጣለህ?»

«በቅርቡ፣ የኔታ።»

አልሄድሁም። ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም።

የኔታ፣ ይኸው ዘግይቼ መጣሁ። ጎጆዎን ጎረቤትዎ ከፈቱልኝ። ቀለሙ ደርቋል። ብራናው ግን ለጎደሉት ፊደሎች በሰባት በሰባት ተሰምሮ፣ ብዕሮቹ ተቀርጸው፣ ከፊታቸውም ሁለት ዱካ ጎን ለጎን ተቀምጦ አገኘሁ። በአንዱ ላይ ተቀምጬ ቀለም በጠበጥሁ፤ ሸን እስከ ሾ ጻፍሁ። ደህና ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም። በሰላም ይረፉ፣ አባቴ። ነገ ቸን እጀምራለሁ።