«እሺ» የሚልላት ወንድ

ማዶና ኤርመሊና በአሥራ አምስት ዓመቷ ተድራ ወደ ሞንቴራሊ ስትመጣ፣ ባሏ ሜሰር ጓልፍሬዶ በመጀመሪያው ሳምንት ያሳያት አዳኝ ጭልፊቶቹን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የወይራ መጭመቂያውን ራሷ ሄዳ አየችው። ከዚያ ወዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሱ ከጭልፊቶቹ፣ እሷ ከመጭመቂያዋ ጋር በሰላም ኖሩ። ድንጋዩ ሲዞር ድምፁን ከመኝታ ቤቷ ሆና ሰምታ የትኛው ሠራተኛ እንደለገመ ታውቅ ነበር። የመንደሩ ሴቶች፣ እመቤታችን ቢወጓት ከደም ይልቅ ዘይት ይፈሳታል ይሉ ነበር፤ ይህም ጆሮዋ ደርሶ ስቃለች። ከወለደቻቸው ሦስት ልጆች ያደገችላት የመጨረሻዋ፣ የሰባት ዓመቷ ኑታ ብቻ ናት።

ሜሰር ጓልፍሬዶ በኅዳር በብርድ በሽታ ሞተ። የመጨረሻ ቃሉ ስለ አንዲት ጭልፊት ጥፍር ነበር። ኤርመሊና ከልቧ አለቀሰችለት፤ ነገር ግን ረዥም ለማልቀስ ፋታ አላገኘችም። በቀብሩ ዋዜማ ታላቅ ወንድሟ ሜሰር ታልዶ የሴት ኮርቻ የተጫነች በቅሎ አስነድቶ ከተፍ አለ።

በአገሩ ልማድ፣ ባል ሲቀበር መበለቲቱን ወንድሞቿ በዚያው ቀን ይዘዋት ይሄዳሉ፤ ስትዳር ከአባቷ ቤት ያመጣችው ሀብት ከእሷ ጋር ይመለሳል፤ ልጅ ግን የአባቱ ወገን ስለሆነ እዚያው ይቀራል። ታልዶ አዲስ ባልም አዘጋጅቶላት ነበር። የሰውየውን ደግነት ብዙ አወራላት። ከወሬው መካከል እሷ የያዘችው፣ ስድስት ልጆችና ሦስት ጥርሶች እንዳሉት ብቻ ነው።

የባሏ ኑዛዜ ሌላ ባል እስካላገባች ድረስ የቤቱ እመቤት ሆና ልጇን እንድታሳድግ ይፈቅድላታል። ይህን መቀበሏን በሕግ ጸሐፊ ፊት ካስጻፈች ማንም አይነቀንቃትም። ግን የሴት ቃል ብቻውን ብራና ላይ አይወጣም፤ አጠገቧ አንድ አዋቂ ወንድ ጠባቂ ሆኖ ቆሞ «እሺ» ሊልላት ይገባል። ማን እንደሆነ ሕጉ አይጠይቅም። ታልዶ ይህን ስለሚያውቅ፣ ለቀስተኛው ሲበላ በየወንበሩ እየዞረ፣ ለእህቴ የቆመ ሰው ጠላቴ ነው ሲል አመሸ።

በማግስቱ፣ ቀብሩ እንዳበቃ፣ ኤርመሊና ኑታን እጇን ይዛ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተገኘች። ጸሐፊው ሰር ቤኒንካሳ ብራናውን ዘርግቶ፣ እንዳይረጋበት ቀለሙን በብብቱ እያሞቀ ይጠብቃል። የቀትር ደወል ሲደወል ሌላ ኑዛዜ ስለሚጠብቀው እንደሚሄድ ነገራት። አንጥረኛውን ጠየቀችው፤ ሳል ያዘው። ወፍጮ ፈጪው፣ ጢሙ የሸበተው ሰውዬ፣ ለአዋቂነት መድረሱን እርግጠኛ እንዳልሆነ ነገራት።

«እርስዎስ አይሆኑልኝም?» አለችው ጸሐፊውን።

«እኔ ጸሐፊው ነኝ፣ እመቤቴ። ጸሐፊ ራሱን ጠባቂ አድርጎ የጻፈበት ብራና ለከበሮ እንጂ ለሌላ አይሆንም።»

ታልዶ በአደባባዩ የውኃ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ የተጠበሰ ለውዝ ይልጣል። «ነይ ተነሽ፣ እህቴ፣ ሳይመሽብን እንውጣ» አላት። «እዚህ አገር ወንድ የለም። አንድም።»

ኤርመሊና አደባባዩን በዓይኗ ዞረችው። የቀረ አንድ ሰው ነበር፦ ከታልዶ አገር የመጣው በቅሎ ነጂ። ከጎህ ጀምሮ ልጓሙን ይዞ ቆሟል፤ ከለውዙ አንድ ፍሬ የሰጠው የለም። ወደ እሱ ሄደች።

«ስምህ ማነው?»

«ፉቺዮ፣ እሜቴ።»

«ዕድሜህስ?»

«በበቅሎ ነው የምቆጥረው። ይህቺ አምስተኛዬ ናት።»

«ይበቃል» አለ ጸሐፊው ቀና ሳይል።

«ጌታህ ትናንት ሰዉን ሁሉ ሲያስጠነቅቅ፣ አንተን ምን አለህ?»

ፉቺዮ አሰበ። «እኔንማ፣ በቅሎዋን ያዝ ነው ያለኝ።»

ታልዶ ብድግ ሲል ለውዙ ከጭኑ ተበተነ። ፉቺዮ አፉን ቢከፍት ዳግም ደጁን እንደማይረግጥ ነገረው። ፉቺዮ የበቅሎዋን አንገት አሻሸ።

«እሜቴ፣ መጭመቂያዎን የሚያዞረው ምንድን ነው?»

«ሁለት በቅሎዎች። አንዷ ግን ተናካሽ ናት።»

«ተናካሿን ለእኔ ይተዉልኝ» አለ፤ ልጓሙንም ታልዶን አስጨብጦ ወደ ብራናው ተራመደ። እዚያም ባርኔጣውን አውልቆ፣ በቤተ ክርስቲያን እንደሚምል ሰው ቀጥ ብሎ፣ «እሺ» አለ።

ታልዶ፣ አሽከር ለእመቤት ጠባቂ ሊሆን አይችልም ብሎ ተከራከረ። ሰር ቤኒንካሳ ግን ሕጉ ወንድ ይላል እንጂ ስለ ጫማው ምንም አይልም ብሎ ማኅተሙን አሳረፈ። ደወሉ የተደወለው ቀለሙ ሳይደርቅ ነበር። አንጥረኛው ሳሉ ለቀቀው፤ ለምስክርነት የመጀመሪያው እሱ ሆነ።

ታልዶ ልጓሙን እንደያዘ ቀረ። «አሁን ይህቺን ማን ይንዳልኝ?»

«አንተው ንዳት እንጂ፣ ወንድም ጋሼ» አለችው ኤርመሊና። «እዚህ አገር ወንድ እንደሌለ ራስህ ነግረኸኛል።»

ታልዶ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል በጢሙ ደበቀው። ደግሞም ተርቦ ነበር። ቤቷ ወስዳ የባቄላ ሾርባ አቀረበችለት፤ አኩርፎ ሁለት ሳህን ጨረሰ። ሲወጣም፣ ለባለ ሦስት ጥርሱ ሰውዬ ምን እንደሚለው አብረው አሰቡ። በመጨረሻ፣ እህቴ ምላሷ ክፉ ነውና ከእሷ ተርፈሃል ሊለው ተስማሙ፤ ሁለቱም ይህ እውነት ነው አሉ።

በላይኛው ፎቅ አሽከሮቹ የእመቤቲቱን ልብስና ጫማ ከትናንት ጀምሮ በሁለት ሣጥን ከትተው ነበር። ኑታ ማንንም አልጠበቀችም። ክዳኑን በሁለት እጇ ገፍታ ከፈተችና የእናቷን ጫማዎች አንድ አንድ እያወጣች አልጋው ሥር ደረደረቻቸው፤ ጫፋቸውንም ከበሩ መልሳ ወደ ግድግዳው አዞረችው።