የአያቴ የኳስ ለቅሶ

አያቴ ኳስ ሲያዩ አይጮሁም ነበር። የጎረቤታችን የባለሱቁ የጋሽ ነስሩ ቡድን የአያቴ ቡድን ተቀናቃኝ ነው። ያ ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሲመራ ከርሞ ግንቦት ላይ መሸነፍ ሲጀምር፣ አያቴ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ሱቁ ድረስ ለቅሶ ለመድረስ ይሄዱ ነበር። እኔ ክንዳቸውን እይዛለሁ፤ ሰው ፊት መናገር ስለማፍር ከኋላቸው ተደብቄ እስቃለሁ።

በሩ ላይ ካለችው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠው አንገታቸውን ይደፋሉ።

«ነስሩ፣ እግዜር ያጥናህ። ምን ነካው? ደህና አልነበር?»

«አባባ፣ ገና ነፍሱ አልወጣችም! ሁለት ጨዋታ ይቀረዋል።»

«እንግዲያው ድንኳኑን ለእሁድ እናቆየው።»

አያቴ በጥር አረፉ። ዘንድሮም ያ ቡድን ወደቀ፤ የሰፈራችን የአቃቂ ልጆች ባጃጃቸውን እያስጮሁ በሱቁ ፊት ተሳለቁ። ጋሽ ነስሩ ግን ዱካዋን ጠርገው በሩ ላይ አስቀምጠዋታል።

ስኳር ልገዛ ስሄድ፣ «ዘንድሮ ማን ለቅሶ ይድረሰኝ?» አሉኝ።

 ነጠላዬ ከጥር ወዲህ እንደተዘቀዘቀ ነው። ዱካዋ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ አያቴ አንገቴን ደፍቼ፣ «እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው።

ሊስቁ ሞክረው አልቻሉም። «አንቺንም ያጥናሽ፣ ልጄ» አሉኝ።