ባላምባራስ ኮሶ የጠጡ ዕለት

ዛሬ ፒያሳ የምትሉት ሰፈር ያኔ አራዳ ብቻ ነበር። ማለዳ ከጊዮርጊስ ወደ ሠራተኛ ሰፈር ቁልቁል የምትገሰግስ፣ ነጭ ነጠላ የለበሰች ቀጠን ያለች ሴት ካያችሁ አክስቴ የሺዓለም ናት። የዳዊት ማኅደር በትከሻዋ ስለምታነግት የማያውቃት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ይመስለዋል። ማኅደሩ ውስጥ ያለው ግን የልብ መድኃኒት ነው።

የሺዓለም አንድ ግሪክ ሐኪም ዘንድ አስታማሚ ነበረች። ልቡ ደክሞ እግሩ ያበጠ፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው በሽተኛ ካለ ጠብታውን ቤቱ ድረስ ሄዳ የምትሰጠው እሷ ናት። ጠርሙሱን ለማንም ትታ አትሄድም። የእኛ ሰው እንደሆነ «ጥቂቱ ይህን ያህል ካሻለኝ ብዙውማ!» ብሎ ግጥም ያደርገዋል። ያ ጠብታ ደግሞ ልክ ካለፈ ያበረታውን ልብ መልሶ የሚያቆም ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱን በአውራ ጣቷ ጫን ብላ እብጠቱን ታያለች። ምግብ ይበላልዎታል ወይ፣ ዓይንዎ ላይ ቢጫ ነገር ይታይዎታል ወይ ብላ ትጠይቃለች፤ ምግብ መጥላትና ቢጫ ማየት ጠብታው የመብዛቱ ምልክት ነውና። ከዚያ የእጁን አንጓ ይዛ፣ ከአንገቷ ያንጠለጠለችውን ሰዓት እያየች ትርታውን ትቆጥራለች። ስትቆጥር ጳጳስ ቢገባ እንኳ ዝም በሉ ከማለት አትመለስም። ትርታው ከዘገየ ጠርሙሱን ሳትከፍት ትወጣለች።

ባላምባራስ አባይነህ ከበሽተኞቿ አንዱ ነበሩ። ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነው፤ ጨዋታ ደግሞ ተክነውበታል። በጠብታው እብጠታቸው ጎድሎ፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን መተቸት ጀምረው ነበር። «የሺዓለም፣ ልቤን ከምትቆጥሪ ጥርሴን ብትቆጥሪ ቶሎ በጨረስሽ» ይሏታል።

አንድ ቀን እንደ ልማዷ ስትደርስ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰርክአዲስ በር ላይ አገኟት።

«ዛሬ ሰው አይገባም፤ ኮሶ ጠጥተዋል» አሏት።

የዛሬ ልጆች ይህን አታውቁትም። ጥሬ ሥጋ የሚበላ አገር የሆድ ትሉን ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ኮሶውን ጠጥቶ፣ በሩን ዘግቶ ሲያስቀምጠው ይውላል። ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ የዳኛ መልእክተኛ እንኳ ቅር ሳይለው ይመለሳል። የሺዓለም ግን በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

«ባለፈው ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብዬ ስጠይቅዎት አይወስዱም አላሉኝም እንዴ፣ እትዬ?»

«ታዲያ ኮሶ ምኑ መድኃኒት ነው? ከጓሯችን ዛፍ የወረደ! በሕመሙ ምክንያት ስንት ጊዜ አለፋቸው፤ ሻል ሲላቸው ጊዜ ከሰው ማነስ መሰላቸውና ጠጡ።»

ሴትዮዋ መዋሸታቸው አልነበረም። ኮሶ ለእኛ ገላ እንደ መታጠብ ነበር፤ ማን ከመድኃኒት ይቆጥረዋል?

ባላምባራስ ከጎሕ ጀምሮ ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው አርፍደው መደብ ላይ ተዘርረዋል። ቤተሰቡ ኮሶው ሠራ ብሎ ደስ ብሎታል። እሷን ሲያዩ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ «ነጠላሽን ማን ቢጫ ነከረብሽ?» አሏት። ሁሉም ሳቀ። የሺዓለም አልሳቀችም። አንጓቸውን ያዘች። ትርታው ይዘገያል፤ ደግሞ መሀል ላይ ይዘላል። ጠርሙሱን ወደ ማኅደሩ መለሰችው።

«ስጫቸው እንጂ! የልብ መድኃኒት ልብ ሲደክም አይደለም?» አሉ ወይዘሮ ሰርክአዲስ።

«ዛሬ አልሰጥም። በኮሶው ሰውነታቸው ተሟጧል፤ ያለፈው ጠብታ ራሱ በዝቶባቸዋል።»

«ሰው እየሞተ መድኃኒት ትነፍጊያለሽ? አንድ ነገር ቢሆኑ ደማቸው በአንቺ ራስ ላይ ነው!»

ሐኪሙ በባቡር ድሬዳዋ ወርዷል፤ የሚጠየቅ ሰው የለም። ባላምባራስ ቢሞቱ አራዳ ሁሉ «መድኃኒቱን ይዛ፣ ከልክላ ገደለቻቸው» እንደሚል የሺዓለም አሳምራ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ማን በሩን ይከፍትላታል? ቢሆንም ማኅደሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ራስጌያቸው ተቀመጠች። ቀና እንዳይሉ ከለከለች፤ መረቅ በማንኪያ ፉት ታሰኛቸዋለች፤ ትርታቸውን ደጋግማ ታያለች። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው በዓይናቸው ይበሏታል። ውኃ እንኳ አላቀረቡላትም።

በማግሥቱ ትርታው ቀስ በቀስ ተስተካከለ። ባላምባራስ ዓይናቸውን ገልጠው ሚስታቸውን አዩና፣ «ምነው እንዲህ አኮረፍሽ፤ ሳልሞት ቀረሁብሽ?» አሉ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ተነሥተው ጓዳ ገቡ፤ እዚያ ሆነው ሲያለቅሱ ተሰማ። ሐኪሙ ሲመለስ ጠብታውን ቀንሶ አስጀመራቸው። ኮሶ ግን ዳግመኛ አልቀመሱም።

ባላምባራስ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረው፣ ሁለተኛውን የመስቀል ደመራ አይተው ዐረፉ። ለቅሶው ላይ እኔም ነበርኩ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ጥቁር እንደ ለበሱ በሰው መሀል አልፈው የሺዓለምን አንገቷን አቀፏት።

«ሁለት ክረምት ሰጠሽኝ፣ ልጄ» አሏት።

«እኔ ምን ሰጠሁ፣ እትዬ? ከለከልኩ እንጂ» አለች አክስቴ።

ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ለበሽተኛዋ ስታለቅስ ያየኋት ያን ዕለት ብቻ ነው።