የአራት ዓመት ማርክ በአንድ ሲዲ

ልጅ እያለሁ ኮምፒዩተር አልነበረም፤ ኮምፒዩተር ከተማችን ወገዳ ሲገባ ደግሞ እኔ ሃምሳን አልፌ ነበር። ቢሆንም ያን ማሽን ባስታወስሁ ቁጥር ራሴን የማየው እንደ ልጅ ነው፤ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ፣ በጣቴ እየጠቆምሁ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ነበርሁ። ክፍሌ አሮጌ ወረቀትና ናፍታ ይሸት ነበር፤ ናፍታውን ወለሉ ላይ የምናፈስሰው ለምስጥ ነው። ምስጡን ግን አላገደውም። አንድ ክረምት ከመደርደሪያው ሥር ገብቶ መምህራን የፈረሙባቸውን የማርክ ወረቀቶች በላቸው። ደግነቱ የአራት ዓመቱን ማርክ ቀደም ብዬ አንድ በአንድ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አስገብቼው ነበር። ከዚያ ወዲህ የእነዚያ ልጆች ድካም ያለው እዚያ ማሽን ውስጥ ብቻ ሆነ። ትራንስክሪፕት ፈልጎ የሚመጣ ልጅ ቢኖር ሌላ የማሳየው ነገር አልነበረኝም።

ያ ማሽን ታመመ። ቫይረስ ነው ተባለ። ከደብረ ታቦር ጥላሁን የሚባል ባለሙያ መጣ፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሰዓቱን ቶሎ ቶሎ የሚያይ ሰው። ውስጡ ያለው ሁሉ ጠፍቶ እንደ አዲስ ካልተጫነ አይድንም አለ።

“የሚፈልጉትን ሲዲ ላይ ይገልብጡ፣ እትዬ። እኔ በስምንት ሰዓቱ መኪና ተመላሽ ነኝ።”

ባዶ ሲዲ ሰጠኝ። የሚያብረቀርቀውን ፊቱን እንዳልነካ፣ ጠርዙን ብቻ እንድይዝ፣ ፋይሉን መርጬ ኮፒ እንዳደርግ፣ ሲዲው ላይ እንዳሰፍርና በመጨረሻ እንዲጻፍ እንዳዝዘው አስተማረኝ። ሁሉንም ደብተሬ ላይ አሰፈርሁት፤ እንዳለኝም አደረግሁ። ማሽኑ አጉረመረመና ሲዲውን ሞቅ አድርጎ መለሰልኝ። መልሼ ከትቼ ብከፍተው የልጆቹ ስም ከነማርካቸው ተዘረገፈ።

“በቃ፣ ላጥፋው?” አለ ጥላሁን።

እዚህ ላይ አባቴ ትዝ አሉኝ። አባቴ በጋይንቷ ቤተ ልሔም ደብር ብራና ጸሐፊ ነበሩ። አንድ መጽሐፍ ገልብጠው ሲጨርሱ ቅጂውን ብቻቸውን አያርሙትም። ሌላ ሰው ቤት ይወስዱትና አንዱ ከዋናው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ቅጂውን በጣቱ ይከተላል። ያ ሳይሆን ዋናው ለባለቤቱ አይመለስም። እኔም ፊደል ከለየሁ በኋላ አልፎ አልፎ ቅጂውን በጣቴ ያስከትሉኝ ነበር፤ የቀለሙ ሽታ እስከ ማታ ጣቴ ላይ ይቆያል። “የጻፈ ዓይን የሌለውን ያነባል” ይሉ ነበር።

“ቆይ፣ በሌላ ማሽን ላመሳክረው” አልሁት።

“ኧረ እትዬ፣ አሁን በዓይንዎ አዩት አይደል! ይሂዱ እንግዲህ፤ እኔ እስከዚያው እጀምራለሁ።”

“ሳልመለስ እንዳትነካው!” ብዬ ወጣሁ። ምን እንደመለሰ አልሰማሁም።

ሌላው ኮምፒዩተር ከገበያው ማዶ፣ ወዳጄ ዘነቡ ጸሐፊ በሆነችበት መሥሪያ ቤት ነበር። ሲዲውን ከተትነው። አንዲት ስዕል ብቻ ወጣች፤ ጥጓ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባት። ዘነቡ ደጋግማ ብትጫናት አልከፈት አለች።

“ይቺማ አቋራጭ ናት” አለችኝ። “መንገዱን ነው የገለበጥሽው፣ ቤቱን አይደለም። አንቺ ዘንድ የተከፈተልሽ ፋይሉ እዚያው ማሽን ውስጥ ስላለ ነው።”

ሲዲውን ይዤ ሮጥሁ። የገበያ ቀን ነበር። በወገዳ አንዲት ትልቅ ሴት በገበያ መሃል ከሮጠች መርዶ ነው። ጤፍ የምትሸጥ ጎረቤቴ ቁናዋን ጥላ ተከተለችኝ።

“ምነው እቴ! ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም!”

“ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?”

“ሲዲ!”

“እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?”

በሩን ስከፍት ጥላሁን ወንበሩ ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኗል።

“አጠፋኸው?” አልሁ፤ በሩን እንደያዝሁ።

“አንድ ቁልፍ መጫን ነው የቀረኝ። እንዳትነካው ብለው ሄደው እንዴት ልጫነው? ቢጠፋ የጋይንት ቄስ ሁሉ ይገዝተኛል።” የስምንት ሰዓቱ መኪና አምልጦት ነበር። ፊቴን አይቶ ውሃ ቀዳልኝ።

ማሽኑን መልሶ አስነሣው፣ ዋናውን ፋይል ቫይረሱ ከደበቀበት አወጣነው፣ ሌላ ሲዲ ላይ ገለበጥነው። ከዋናው የአንዳንድ ልጆችን ማርክ ደብተሬ ላይ ይዤ እንደገና ገበያውን ተሻገርሁ፤ አሁን በእርምጃ። እኔ አነበብሁ፣ ዘነቡ በጣቷ ተከተለች። ሁሉም ነበር። ማሽኑ ውስጥ ያለው የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ጥላሁን እኛ ቤት ራት በልቶ ወገዳ አደረ።

አሁን ልጆች በስልካቸው በአንድ ጣት ይላላካሉ። ደረሰ ወይ ብሎ የሚጨነቅ የለም፤ ደግሞም ይደርሳል። ሲዲ የሚያነብ ማሽንም ካየሁ ቆየሁ። አይቆጨኝም፤ የዚያን ዕለቱን ሩጫ ለማንም አልመኝም።

ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ የደም ግፊቴን የለካችኝ ነርስ ከእነዚያ ልጆች አንዷ ሆና ተገኘች። ትራንስክሪፕቷን ከእኔ እጅ ተቀብላ ኮሌጅ እንደገባች ነገረችኝ።

“ሒሳብ ግን አርባ ሁለት ነበር፣ እማማ” ብላ ሳቀች። “እሱ እንኳ ምነው በጠፋልኝ!”

“ምን ላድርግልሽ፣ ሁሉም ተረፈ” አልኋት።

ክንዴ ላይ የጠመጠመችውን ጨርቅ ፈታች።

“ግፊትዎ ደህና ነው” አለችኝ።