ፈረስ ተከትሎ የሄደው ገበያ

ከተማዋን በስም አልጠራትም። ከዳንግላ ተነስቶ ወደ እንጅባራ የሚሄድ ሰው ያልፍባታል፤ ካላንቀላፋም ያያታል። ስሟን ብጠራ በዚያ ዘመን የተሾሙት ሰዎች ዘመዶች «እኛን ነው የነካው» ብለው ይመጡብኛል። ያልተሾሙትም «እኛን ለምን ረሳ» ብለው ይቀየሙኛል። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ጠብ የምገዛበት አቅም የለኝም።

በደንቡ ከሄድን ከንቲባም አይባሉም ነበር፤ ማዕረጋቸው የማዘጋጃ ቤት ሹም ነው። ነገር ግን «ከንቲባ» ሲባል «የለም፣ ሹም በለኝ» ያለ አንድም አልገጠመኝም። እኛም ቃል ከመደርደሪያ ስለማይጎድል ሳንሰስት እንሰጣቸው ነበር።

ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ ያየኋቸው ሁሉ አንድ ጠባይ ነበራቸው። ለያንዳንዳቸው ከተማዋ የተጀመረችው እሳቸው ከመኪና የወረዱ ዕለት ነው። አንደኛው አጥር ሁሉ ባሕር ዛፍ ይሁን አሉና ተከልን። ተተኪያቸው መጡና ባሕር ዛፍ ከተማ ያጨልማል ብለው አስነቀሉን። ሌላው የሱቅ በር ሁሉ ሰማያዊ ይቀባ ብለው አዘው፣ ቀለሙ ተዳርሶ ሳያልቅ ተሻሩ፤ የኔ በር እስከ ወገቡ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ሰው አዲስ ሹም መጣ ሲባል «ደግ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። እኔ «ምን ያስነቅለን ይሆን?» ነበር የምለው።

አሁን የማወራው ፈረስ ስለጠሉት ከንቲባ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሱቄ ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ በሱ ላይ ነውና የመጣው። ሱቄ ገበያው አደባባይ ፊት ለፊት ነበር። እዚያ ለመድረስ በአህያ ጨው ጭኜ ከገበያ ገበያ ስዞር ነው ጉልምስናዬ ያለቀው። ቆርቆሮውን እንደ ሌላው ሰው በአንድ ጊዜ አላለበስኩትም፤ በየበዓሉ ሌላው ሰንጋ ሲያርድ እኔ አንድ ቆርቆሮ እገዛ ነበር፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትነግረኛለች። ከባላገሩ ማርና ኑግ እገዛለሁ፤ ለባላገሩ አቡጀዲ፣ ስኳር፣ ክብሪትና ላምባ እሸጣለሁ። ሌላው ቀን ዝንብ ነው ደንበኛዬ። ዓመቱን የሚያኖረኝ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ገበያው ከፊቴ ከጠፋ ያ ቤት ባዶ ጎተራ ነው።

ከንቲባው የመጡት በበጋ ነው። ባርኔጣ ያደርጋሉ፣ ጫማቸውን ቀኑን ሙሉ በመሐረብ ይወለውላሉ፤ አንድ ጊዜ አስመራን አይተው ነበርና ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማየት አልቻሉም። በመጀመሪያው ቅዳሜ አደባባዩን ሲዞሩ ጫማቸው ፋንድያ ረገጠ። እኔ ከሱቄ በር ሆኜ አየኋቸው። እግራቸውን አንስተው ረጅም ጊዜ ሲመለከቱት ቆዩ፤ ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

በሳምንቱ አዋጅ ተነገረ። በገበያ ቀን ፈረስም ሆነ በቅሎ ከከተማው ሥር ካለው ወንዝ ወዲህ እንዳይገባ፤ ባላገር እንስሳውን ከወንዙ ማዶ ጨፌው ላይ አስሮ በእግሩ ይግባ፤ ለፈረሶቹ ከማዘጋጃ ቤት ዘበኛ ይቆምላቸዋል። የቆመውም ዘበኛ የከተማ ልጅ ሆኖ ፈረስ ሲያሽካካ የሚደነግጥ ሰው ነበር፤ ዱላውን ይዞ ከፈረሶቹ ራቅ ብሎ እነሱ እሱን እንዳይነኩት ይጠብቅ ነበር።

ሰው «ምን አለበት፣ ወንዙ ቅርብ ነው» ይላል። የአገው ሰውና ፈረሱን የማያውቅ ነው እንዲህ የሚል። በኛ አገር የሠርግ አጀብ በፈረስ ነው፣ ለቅሶ የሚደረሰው በፈረስ ነው፤ የሰውየው ስም የሚጠራው ከፈረሱ ጋር ነው። ገበያ ደግሞ የሚገዛበት ብቻ አይደለም፤ አማች አማቹን፣ ባለ ደም ባለ ደሙን፣ ልጅ የሚድር ልጅ የሚፈልገውን የሚያይበት ነው። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል በእግር መግባት «ምን ሆኖ ነው? ፈረሱ ሞተበት ወይስ በዕዳ ተወሰደበት?» ማሰኘት ነው።

ስለዚህ ሰዎቹ አዋጁን አከበሩ፤ ጨፌው ላይ ፈረሳቸውን አሰሩ። ከዚያም ከፈረሳቸው ጎን ተቀመጡ። የከለከላቸው የለም፤ መቀመጥን አዋጁ አላነሳውም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሴቶቹና በእግር የሚመጡት ገቡ፤ ገበያው ሳሳ እንጂ አልጠፋም። በሁለተኛው ጠላ ሻጮች፣ ጠጪው ማዶ ተቀምጦ ሲያዩ፣ ጋኖቻቸውን አሸክመው ተሻገሩ። ጠላ ባለበት ወሬ አለ፤ ወሬ ባለበት ቅቤና እንቁላል ይሸጣል፤ ቅቤ ወዳለበት ጨው ይሄዳል። ወሩ ሳይሞላ እኔ በሱቄ በር ላይ ተቀምጬ የማየው አንድ ውሻ ነበር፤ እሱም ወዲያው ተነስቶ ወደ ወንዙ ሄደ።

ከንቲባው በዚያ ሰሞን በደስታ ይንጎራደዱ ነበር። አደባባዩ ጠርቷል፣ ሣር ማብቀል ጀምሯል። በኔ በር ሲያልፉ ቆም ብለው፣ አሁን ከተማ መሰለ አሉኝ። መቃብርም እንዲሁ ጸጥ ያለ ነው ልላቸው ነበር፤ ለጫማቸው ሰም ሊገዙ የቆሙ መስሎኝ ተውኩት። አልገዙም።

እኔ ዝም ብዬ የምቀመጥ ሰው አይደለሁም። አንድ ቅዳሜ ተሻግሬ ማር የሚያመጡልኝን የአገው ሽማግሌ ፈለግኋቸው። ዳማ ፈረሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ የማሩ ቅል ከእግራቸው ሥር ነው። አማርኛውንም አገውኛውንም የሚያውቁ፣ በሁለቱም የሚከራከሩ ሰው ናቸው። ፈረስዎን እኔ አስጠብቅልዎታለሁ፣ ብቻ እንደ ድሮው ሱቅ ድረስ ይምጡልኝ፤ እርስዎ ከገቡ ሌላውም ይገባል ብዬ ለመንኳቸው። አጠገባቸው የተቀመጡትን ሰዎች በአገውኛ አንድ ነገር አሏቸው፣ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«አማቼ ያ ነው፣ ባለ ነጩ ፈረስ። በእግሬ ስገባ ቢያየኝ ልጁን ዛሬ ማታ ያስመልሳታል» አሉኝ። «አንተ ለምን አትመጣም? ሱቅ ፈረስ አይደል፣ የትም ብታስረው አይሰረቅ።»

ማሩን እዚያው ቆሜ ገዛሁ፤ ቅሉንም በትከሻዬ ተሸክሜ ወንዙን ተሻገርኩ። በዚያ ዕድሜዬ እንደገና ተሸካሚ ሆንኩ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሄድነው። አብረውኝ የመጡት አንድ አዛውንት የጨው ነጋዴ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ሲራራ ነጋዴ ሆነው በቅሎ ሲነዱ የኖሩ፣ በኋላም ከሱቄ ጎን መደብ ላይ አሞሌ ጨው እየቆረሱ የሚሸጡ። ከንቲባውን ስናገኛቸው ወረቀት ላይ አቀርቅረዋል። ከጠቅላይ ግዛቱ አንድ ትልቅ እንግዳ በከተማችን ሊያልፉ ነውና የከተማውን ታሪክ የሚያነቡላቸው ከንቲባው ናቸው። እኛ አፋችንን ሳንከፍት ቀደሙን።

«እናንተ የቆያችሁ ሰዎች ናችሁ። ይህን ከተማ የቆረቆረው ማነው?»

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና «በቅሎ» አሉ።

«ምን አሉ አባቴ?»

«በቅሎ ናት ጌታዬ።»

ከዚያም ቀስ ብለው አስረዷቸው። እዚህ ቦታ ላይ ንጉሥም ሆነ ራስ ችካል አልተከለም። ጨው ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች ሣርና ውኃ ስላገኙ በቅሎዎቻቸውን እዚህ አራገፉ፤ አገው በፈረሱ መጥቶ ማሩን በጨው ለወጠ፤ ገበያ ሆነ። ገበያ መሆኑን ሰምቶ ቀራጭ መጣ፣ ቀራጩን ተከትሎ ዳኛ፣ ዳኛውን ተከትሎ እስር ቤት፤ ከሁሉ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ። በቅሎዎቹ ያን ዕለት ሌላ ቦታ ተኝተው ቢሆን ኖሮ ከተማውም ሌላ ቦታ ነበር።

ከንቲባው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ታዲያ ለእንግዳው ምን ብዬ ላንብብ? በቅሎ ቆረቆረችው ልበል?»

«በቅሎዋን ካፈሩባት አጎቷን ፈረስን ይጥሩላት» አሉ አዛውንቱ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

እኔ ሳቄን በሳል ለወጥኩት። ከንቲባው ግን ቀልድ የሚገባቸው ሰው አልነበሩም፤ በነፍጠኛ ወይም በደጃዝማች የሚጀምር ታሪክ ካላመጣን ሌላ ሰው እንደሚጠይቁ ነገሩን። ያኔ እኔ ገባሁበት። ገበያው ወንዝ ተሻግሮ መሄዱን፣ ሱቆቹ ባዶ መዋላቸውን፣ ፈረሶቹ እንደ ድሮው በአደባባዩ ዳር ቢታሰሩና ፋንድያውን እኛ ነጋዴዎች በየተራ ብናስጠርግ እንደሚሻል ነገርኳቸው። ሰውየው በመስኮት ንጹሑን አደባባይ እያዩ ሰሙኝ። ሰው ፈረሱን ትቶ በእግሩ መሄድን መልመድ አለበት፤ ሥልጣኔ ማለት ይኸው ነው፤ አስመራ ላይ ፈረስ ገበያ መሐል ገብቶ አላዩም፤ የሚሉት ይህንን ነው።

«አስመራ ማር የሚያመጣላት አገው ነው ጌታዬ?» አልኳቸው።

«አንተ ነገር ታበዛለህ» አሉኝ፣ ወደ ወረቀታቸውም ተመለሱ።

እንግዳው የመጡት፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ ቅዳሜ ነው። አደባባዩ ዙሪያ ድንጋይ ተደርድሮ ኖራ ተቀብቷል። እኛ ነጋዴዎች ነጭ ለብሰን እንደ ድንጋዩ ተደረደርን። በልቤ ግን ደስ ብሎኛል። ቅዳሜ ቀን ባዶ ገበያ የሚያይ ሹም ምክንያቱን ሳይጠይቅ አይሄድም፤ ከጠየቀ ነገሩ ይወጣል፤ ከወጣ ፈረሶቹ ይመለሳሉ፤ ሱቄ ይተርፋል ብዬ ነበር።

መኪናው ቆመ፣ እንግዳው ወረዱ፣ ዙሪያውን አዩ። ነፋሱ ከጨፌው በኩል ነበርና የገበያው ጫጫታና የፈረሶቹ ማሽካካት እንደ ሠርግ ቤት ይሰማል።

«ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ? ገበያው የታለ?» አሉ።

 እኔ ከንቲባውን አየሁ፤ ላባቸው ከባርኔጣቸው ሥር ይወርዳል። ሰውየው ግን ያን ያህል ጅል አልነበሩም። እጃቸውን ወደ ማዶ ዘረጉ።

«አሮጌው ቦታ ጠቦ ነበር፣ ክቡር ሆይ። አዲስ ገበያ ቆርቁሬ ወንዝ ማዶ አሻግሬዋለሁ።»

እንግዳው እጃቸውን ከዓይናቸው በላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። እውነቱን ለመናገር ከሩቅ ያምራል፤ ጨፌው በሙሉ ሰውና ፈረስ ነው፣ የኮርቻው ጌጥ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መልካም ሥራ ነው አሉ። ከዚያ ወደኛ ዞሩ። ከፊት የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

«ነጋዴዎቹስ ወደዳችሁት?»

ለዚህ ቃል ነበር ሌሊቱን ስዘጋጅ ያደርኩት። ፋንድያውንም፣ አዋጁንም፣ የሚደነግጠውን ዘበኛም በተራ ሰድሬ ይዤ ነበር። አሁን ግን ሳስበው ሌላ ሆነብኝ። እንግዳው ምሳ በልተው ይሄዳሉ፤ ከንቲባው ይቀራሉ። ውሸታቸውን በእንግዳው ፊት ባፈርሰው ሱቄን እንደ ባሕር ዛፉ ያስነቅሉታል። ገበያውስ ቢሆን? ጠላ ሻጭ አንዴ ሦስት ድንጋይ ጎልታ እሳት ያነደደችበትን ቦታ በአዋጅ የሚያስለቅቅ ሹም አላየሁም። ዕቃው አንዴ ከእጅ ወጥቷል፤ የቀረው ባለቀ ዕቃ ላይ ምን ምርቃት ይገኛል የሚለው ነው።

«በጣም ወደድነው ጌታዬ» አልኩ። «ከንቲባችን በገበያው ፊት ለፊት ለያንዳንዳችን የሱቅ ቦታ በነጻ እንመራችኋለን ብለውናል፤ በዚህ ሳምንት።»

እንግዳው ወደ ከንቲባው ዞሩ። ከንቲባው እኔን አዩኝ፤ ያን አስተያየት የማይዋጥ አጥንት የገባበት ሰው ዓይን ላይ አይቼዋለሁ።

«አዎ፣ በዚህ ሳምንት» አሉ።

የጨው ነጋዴው አዛውንት በጎኔ ቆመው ነበርና ጠጋ ብለው «አሁን የሸጥከው እሳቸውን ነው ወይስ እኛን?» አሉኝ።

«ገና አላወቅሁትም» አልኳቸው።

ቦታው ተመራ። ከፊት ያለው ቦታ ደረሰኝ፤ እሱን እንኳ አልከለከሉኝም። ነገር ግን ጨፌ ጨፌ ነው፤ ችካል ስትተክል ውኃ ይመጣል። አሮጌውን ሱቅ ያፈረስነው እኔና ባለቤቴ ነን። እሷ የተነቀለውን ምስማር በድንጋይ እያቃናች «ነገ ሌላ ሹም መጥቶ ቢመልሰውስ?» አለችኝ። ሹም ይመጣል ይሄዳል፣ ፈረሶቹ ግን አይሻሩም፤ እኛ የምንከተለው እነሱን ነው አልኳት። «እንደ ውርንጭላ» አለች፣ መዶሻውንም አቀበለችኝ።

ቆርቆሮ አንዴ ከተመታ ቀዳዳው አይድንም። አዲሱ ማገር ከአሮጌው ጋር ስላልገጠመ ምስማሩ ሌላ ቦታ ተመታ፤ የድሮው ቀዳዳ በሬንጅም በሰምም ብንደፍነው እንዳለ ቀረ። ክረምቱ ሲገባ የሱቁ ውስጥ ከውጭ የማይሻል ሆነ። ንግዱ ግን ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ማሩ በር ድረስ ይመጣል፣ ባለ ዳማው ሽማግሌም ከኮርቻቸው ሳይወርዱ ዋጋ ይከራከሩኛል።

አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ከንቲባው ሊጠለሉ ገቡ። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው። ቂም የያዙብኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ነገሩን ጨርሰው አምነውታል። ቆመው ገበያውን እያዩ፣ ይህን ቦታ መጀመሪያ ሲያዩት ባዶ ጨፌ እንደነበር፣ ሰው ሁሉ ተቃውሟቸው እንደነበር፣ እሳቸው ግን አርቀው እንዳዩ አጫወቱኝ። ታሪኩንም ጽፈው ለበላይ ልከዋል፤ የነጋዴዎችም ድካም በአንድ መስመር ተጠቅሷል አሉኝ።

እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ከዚያ ከቆርቆሮው ቀዳዳ የሚወርደው ጠብታ ባርኔጣቸውን ትቶ ወደ ስኳሩ ጆንያ ሲዞር አየሁና፣ ጆንያውን ወደ ግድግዳው ገፋሁት።